አረጋዊ ወላጅ ወደ መጦሪያ ሲገቡ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ቤተሰቦች የተዘጋጀ መመሪያ

አንድ አረጋዊ ወላጅ ከኖሩበት ቤት ወጥተው ወደ አረጋውያን መጦሪያ የሚገቡበት ቀን ሲቃረብ፣ ቤተሰብ በአብዛኛው የሚጨነቀው ስለ ወጪው፣ ስለ አልጋውና ጎረቤት ምን ይል ይሆን ስለሚለው ነገር ነው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጭንቀቶች ናቸው። ሆኖም ወላጁ በገቡበት ቤት ተረጋግተው መኖራቸውን ከሁሉም በላይ የሚወስነው፣ ስለ ራሳቸው ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እሳቸው ሆነው መቀጠላቸው ነው። ምን እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚተኙ፣ ማን እንደሚያጥባቸው፣ ቤታቸውና ገንዘባቸው ምን እንደሚሆን የሚጠየቁ አረጋዊ አዲሱን ቦታ ቀስ በቀስ ይለምዱታል፤ ሳይጠየቁ የተወሰዱ ግን አልጋው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ተጥያለሁ ከሚለው ስሜት በቀላሉ አይወጡም። ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች በሙሉ የተጻፉት ይህንን በማሰብ ነው።

በምሥራቁ ክፍል ወላጅን በቤት መጦር የተከበረ ልማድ ነው፤ ጸንቶ ቢኖርም ደስ ይለኛል። ነገር ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ጅቡቲ፣ ሌላዋ ዓረብ አገር ወይም ካናዳ በሚኖሩበት ዘመን፣ በድሬዳዋ ከዚራ ወይም ሳቢያን ሰፈር ባለ ቤት ውስጥ አንዲት አረጋዊት ከአንዲት ወጣት ሠራተኛ ጋር ብቻቸውን መቅረታቸው የተለመደ ሆኗል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ መጦሪያን ማሰብ በራሱ ወላጅን መካድ አይደለም፤ ወላጅን መካድ የሚሆነው ካስገቡ በኋላ መርሳት ነው።

ከመወሰን በፊት

ይህ ሐሳብ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከአንድ ድንገተኛ ነገር በኋላ ነው፤ እናት ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ወድቀው ዳሌያቸው ይሰበራል፣ አባት ከመጋላ ወደ ቤት የሚመለሱበት መንገድ ይጠፋቸዋል፣ ወይም ለዓመታት አብራ የኖረችው ሠራተኛ ትዳር ይዛ ትሄዳለች። በዚያ ድንጋጤ መካከል መወሰን ግን አይመከርም። በመጀመሪያ የተለወጠው ነገር በሕክምና የሚስተካከል መሆን አለመሆኑ መታወቅ አለበት። በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ መዘባረቅና የቀንና የሌሊት መምታታት የመርሳት ሕመም ላይሆን ይችላል፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የስኳር መጠን መውረድ ወይም በቅርቡ የተጀመረ መድኃኒት አረጋዊን በቀናት ውስጥ ሌላ ሰው ሊያስመስል ይችላል፤ መንስኤው ሲታከም ደግሞ በአብዛኛው ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። በዓይን ሞራ ምክንያት የሚወድቁ አረጋዊ በቀዶ ሕክምና፣ በድብርት ምክንያት መብላት ያቆሙ አረጋዊት በተገቢ ሕክምና በቤታቸው መኖር ሊቀጥሉ ይችላሉ። ስለዚህ በድሬዳዋ በድል ጮራ ወይም በሳቢያን፣ በሐረር ደግሞ በሕይወት ፋና ወይም በጁገል ሆስፒታል የተሟላ ምርመራ ሳይደረግ ስለ መጦሪያ መነጋገር አይጀመር።

ከዚያ ቀጥሎ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችለው ሁሉ ይሞከር። በመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚያዝ ብረት፣ ሌሊቱን የሚበራ አነስተኛ መብራት፣ ከፍ ያለ አልጋ፣ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት የምትመጣ ነርስ፣ ቀን ቀን ደግሞ ከሠራተኛዋ ጋር የሚያግዝ ዘመድ ብዙ ቤተሰቦችን ዓመታት አሳልፈዋል። ጊዜው ደርሷል የሚያሰኙት ምልክቶች ግን ግልጽ ናቸው፦ ወላጁን ከአልጋ ለማንሣት ሁለት ሰው ሲያስፈልግ፣ ሌሊት ተነሥተው ከግቢ የሚወጡ ሲሆን፣ ጋዙን ወይም ከሰሉን ለኩሰው የሚረሱ ሲሆን፣ በጀርባና በዳሌ ላይ የመኝታ ቁስል መታየት ሲጀምር፣ ወይም ተንከባካቢዋ ልጅ ራሷ ታማ ስትወድቅ። ይህን የመጨረሻውን ምልክት ቤተሰብ ከሁሉም በላይ ችላ ይለዋል፤ ሴት ልጅ እስክትወድቅ ድረስ እንድትሸከም የሚጠብቅ ልማድ አለንና። እኔ ግን የተንከባካቢዋን ጤና ከወላጁ ጤና እኩል መጠየቅ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከወላጅ ጋር መነጋገር

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ስለዚህም ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ልጆች ሁሉ ከየአገሩ ተሰብስበው በአንድ ምሽት ከበው የሚነግሯቸው ወላጅ እንደ ተከሰሰ ሰው ይሆናሉ እንጂ እንደ ተማከረ ሰው አይሆኑም። መጀመሪያ የሚናገረው ወላጁ የሚያምኑት አንድ ልጅ ወይም የቅርብ ዘመድ ይሁን፤ ሰዓቱም እሳቸው ንቁ የሚሆኑበት፣ ለብዙዎች ጠዋት ከቁርስና ከቡና በኋላ፣ ይሁን። ንግግሩ በውሳኔ ሳይሆን በጥያቄ ይጀመር፦ «እማማ፣ ሌሊት ብቻዎን ሲሆኑ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?»፣ «አባባ፣ ከዚህ ቤት ቢወጡ ከሁሉም በላይ የሚያጡት ምን ይመስልዎታል?» የሚሉ ጥያቄዎች ልጆች ያልጠበቁትን ነገር ያወጣሉ። አንዷ የምትፈራው ሞትን ሳይሆን ከጎረቤቶቿ ጋር የምትጠጣው ቡና መቅረቱን ሊሆን ይችላል፤ ሌላው የሚያስጨንቀው በወንድ ሠራተኛ ወይም በሴት ሠራተኛ መታጠብ ሊሆን ይችላል። እነዚህ መልሶች ተጽፈው ይቀመጡ፤ በኋላ መጦሪያ ሲመረጥ መመዘኛዎቹ እነርሱ ናቸውና።

ወላጅ እምቢ ካሉ እምቢታቸው ይከበር፤ ከሳምንታት በኋላ እንደገና መነጋገር ይቻላል። የሚያከብሯቸው የሃይማኖት አባት ወይም የቀድሞ የሥራ ባልደረባ አብሮ ቢገኝ ይረዳል፤ በድሬዳዋ የቀድሞው ባቡር ድርጅት ሠራተኞችና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረተኞች አንዳቸው የሌላቸውን ቃል የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። ከሁሉም በላይ መደረግ የሌለበት ማታለል ነው። «ለሐኪም እንሂድ» ተብለው ወጥተው በዚያው የቀሩ አረጋዊ ከዚያ በኋላ የሚነገራቸውን ሁሉ አያምኑም፤ የሚሰጣቸውንም መድኃኒት በጥርጣሬ ያዩታል። የመርሳት ሕመም የጠናባቸውም ቢሆኑ በሚገባቸው መጠን፣ በአጭርና በእውነተኛ ቃል ሊነገራቸው ይገባል፤ ቃሉን ቢረሱት እንኳ የተነገሩበት የአክብሮት ድምፅ የሚተወው ስሜት ይቆያል።

በልጆች መካከልም ስምምነት ያስፈልጋል። ገንዘብ የሚልከው በውጭ የሚኖር ልጅና ለዓመታት ያጠበችው፣ ያበላችው እዚሁ ያለች ልጅ እኩል አይናገሩም፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ ከፍ ብሎ የሚሰማው የላኪው ነው። ስለ ወላጁ የዕለት ሁኔታ የተንከባካቢዋ ቃል ቅድሚያ እንዲኖረው፣ ወጪውን ማን ምን ያህል እንደሚሸፍን፣ ወላጁን ማን በየትኛው ቀን እንደሚጠይቅ በጽሑፍ ቢቀመጥ ብዙ ኋላ የሚመጣ ቅሬታ ይቀራል። ሕጉም ቢሆን ይህን ኃላፊነት ለአንድ ልጅ ብቻ አይተወውም። በፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በድሬዳዋ በሚሠራበት በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወላጅና ተወላጅ አንዳቸው ለሌላው ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ ቀለብ ሲባልም ምግብ ብቻ ሳይሆን መኖሪያን፣ ልብስንና ጤናን ይጨምራል። የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው፣ በሐረር የሚኖሩ ቤተሰቦች በዚያው ክልል የሕግ ባለሙያ ቢያማክሩ ይሻላል።

መጦሪያ ስለ መምረጥ

በአገራችን ያሉት መጦሪያዎች አብዛኞቹ በበጎ አድራጎት የሚተዳደሩና ጧሪ ቀባሪ ለሌላቸው፣ በጎዳና ለወደቁ ሰዎች የቆሙ ናቸው፤ በአዲስ አበባ የሚገኙት መቄዶንያና ክብረ አረጋውያን በስፋት የሚታወቁት በዚሁ ሥራቸው ነው። ወደ እንዲህ ዓይነት ቤቶች ለመግባት ጉዳዩ በአብዛኛው የሚጀምረው ከቀበሌና ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ደጋፊ የሌለው ጎረቤት ካለዎት መጀመሪያ የሚያመለክቱት እዚያ ነው። መንግሥት በአቅሙ አረጋውያንን የመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ተደንግጓል፤ ስለዚህ ማመልከት ልመና አይደለም። ልጆች ያሏቸውን ወላጅ ግን ወራሽና ዘመድ እንደሌላቸው አስመስሎ በነፃ አልጋ ማስያዝ ሁለት ሰው ይበድላል፦ ያን አልጋ ይጠብቅ የነበረውን ምንም የሌለውን ሰው፣ እንዲሁም ልጆች የሉኝም ብለው እንዲናገሩ የተገደዱትን ወላጅ። አቅም ያለው ቤተሰብ ጉዳዩን በግልጽ ተናግሮ ክፍያ የሚቀበል ቤት ቢፈልግ፣ ወይም የበጎ አድራጎት ቤቱ ፈቃደኛ ከሆነ ወጪውን ሸፍኖ ቢያስገባ ይገባል።

በአካባቢው ቦታ ሲጠፋ ወላጅን ወደ አዲስ አበባ መውሰድ በቅድሚያ የሚመጣ ሐሳብ ነው። ይህ ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት የሚለያቸው ጎረቤት፣ ዕድርተኛና የንስሐ አባት አይጠይቋቸውም፤ በአዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ከሌለም አረጋዊው ጠያቂ የሌላቸው ይሆናሉ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ወይም ከሐረር ወደ ድሬዳዋ መዛወርም የራሱ ጣጣ አለው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ፣ ድሬዳዋ የኖሩ ሰው ለሐረር ሌሊት ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ ይፈልጋሉ፤ በሐረር ቀዝቃዛ አየር የኖሩ ሰው ደግሞ በድሬዳዋ ሙቀት ሊደክሙ ይችላሉ።

ቦታውን ሲጎበኙ የሚያዩት

መጦሪያውን ሁለት ጊዜ ይጎብኙ፤ አንዱ ጉብኝት ቀጠሮ ሳይያዝ ይሁን። የሚሻለው ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ የቀን ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ የቤቱ እውነተኛ ሁኔታ ይታያል፦ ክፍሎቹ በሁለት በኩል መስኮት አላቸው? ማራገቢያው ይሠራል? መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? አረጋውያኑ ጥላ ባለው በረንዳ ተቀምጠዋል ወይስ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሙቀት ተኝተዋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ በእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ ሊደረስበት የሚችል ውሃ መኖሩን ያስተውሉ። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይቀንሳል፤ ስለዚህ አረጋዊ ሰው ውሃ ሳይጠማው ፈሳሹ ሊያልቅ፣ ሽንቱ ሊጠቁር፣ ከዚያም ሊዘባርቅ ይችላል። ሠራተኞች ውሃ የሚሰጡት ሲጠየቁ ብቻ ነው ወይስ በየሰዓቱ እየዞሩ ነው? የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን የሚጠጡትን መጠን ሐኪም ስለሚወስነው፣ ያ መጠን ተጽፎ ለቤቱ መሰጠት አለበት።

ውሃን በተመለከተ ሌላ ጥያቄም አለ። በከተማው የቧንቧ ውሃ በየተራ ስለሚመጣ እያንዳንዱ ግቢ በርሜል አለው፤ ክዳን የሌለው በርሜል ደግሞ የወባና የደንጊ ትኩሳት ትንኝ መራቢያ ነው። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት። የደንጊ ትንኝ የምትነክሰው በቀን ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ለሚውሉ አረጋዊ አጎበር ሌሊት ብቻ ሳይሆን ቀንም ያስፈልጋቸዋል። በርሜሎቹ ተከድነው እንደሆነና አጎበር በቀን ይዘረጋ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቁ። ቤቱ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ከሆነም፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣውን ጎርፍ ያስታወሰ ሰው የሚጠይቀውን ይጠይቁ፦ መራመድ የማይችሉትን ሰዎች በሌሊት የሚያወጣቸው ማን ነው፣ ወዴትስ ይወስዳቸዋል?

ስለ ሌሊቱ ሲጠየቅ አስተዳዳሪው የሚሰጠው መልስ ስለ ቀኑ ከሚሰጠው የበለጠ ብዙ ይናገራል። ሌሊት ስንት ሠራተኛ ለስንት አረጋዊ ነቅቶ ያድራል? ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ ሰዎች በየሁለት ሰዓቱ የሚገላበጡ መሆናቸው በምን ይመዘገባል? መጸዳጃው ከአልጋው ምን ያህል ይርቃል፣ ጣውላው ወይም ሴራሚኩ ሲረጥብ ያንሸራትታል? ሽታን ያስተውሉ፤ የሽንት ሽታ በአንድ ክፍል ቢኖር የሚያጋጥም ነው፣ በሁሉም ክፍል ካለ ግን የሠራተኛ እጥረት ምልክት ነው። የአረጋውያኑን ጥፍር፣ ጺምና ጸጉር ይመልከቱ። ሠራተኞቹ ሲጠሯቸው «አንቺ» እና «አንተ» ይላሉ ወይስ «እማማ»፣ «አባባ»፣ «እርስዎ»? የአክብሮት ቃል ከሌለ የአክብሮት እጅ ይኖራል ብዬ አልጠብቅም።

ቋንቋና እምነት

ይህ ርእስ በምሥራቁ ክፍል ከሌላው ቦታ ይልቅ ትልቅ ነው። የድሬዳዋና የሐረር ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪኛ፣ አንዳንዱም ዓረብኛና በባቡር ድርጅት የሠሩ አንጋፋዎች እንደሚናገሩት ፈረንሳይኛ እየቀላቀለ የኖረ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ በሥራ ቦታ አማርኛ የተናገረ ሰው ግን የመርሳት ሕመም ሲይዘው በኋላ የተማረው ቋንቋ እየራቀው ወደ ልጅነት ቋንቋው ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ያሉ አረጋዊ በሐረሪኛ «ውሃ ስጡኝ» ሲሉ የሚሰማቸው ሠራተኛ ከሌለ፣ ጥማቸው «ይዘባርቃሉ» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ የወላጅዎ የመጀመሪያ ቋንቋ የሚገባው ሠራተኛ በእያንዳንዱ ፈረቃ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለም ውሃ፣ ሕመም፣ መጸዳጃ፣ ብርድ፣ ሙቀት፣ ጸሎት የሚሉትን ቃላት በወላጅዎ ቋንቋ፣ በፊደል ጽፈው ከአልጋው በላይ ይለጥፉ። ሠራተኞቹ በሁለት ቀን ይለምዱታል።

በእምነት በኩል፣ ሙስሊም አረጋዊት የሚበሉት ሥጋ ሐላል መሆኑ፣ ለውዱእ (ከስግደት በፊት ለሚደረገው መታጠብ) የሚሆን ውሃ መቅረቡ፣ የቂብላው (የሚሰገድበት) አቅጣጫ በክፍሉ መታወቁ፤ ክርስቲያን አረጋዊ ደግሞ የጾም ምግባቸው መለየቱና የንስሐ አባታቸው መግባት መቻሉ አስቀድሞ ይነገር። ጾም ከመድኃኒት ጋር የሚጋጭበት ጊዜ አለ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ስኳር የሚቀንስ እንክብል የሚውጡ አረጋዊ ሳይበሉ ውለው መድኃኒቱን ከወሰዱ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ይህን የሚነግሯቸው ሠራተኞች ብቻ ከሆኑ ግን አረጋውያን አይሰሙም። በእስልምና መጾም ለማይችል ሕመምተኛና አረጋዊ ፊድያ (በጾሙ ፋንታ ድሃን ማብላት) እንዳለ ከመስጊዱ ኢማም፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ከንስሐ አባት ሲነገራቸው ግን ልባቸው ይረጋጋል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ማነጋገር የቤተሰቡ ሥራ ነው።

ጫት ለዓመታት የቃሙ አረጋዊም አሉ። ቤቱ የማይፈቅድ ከሆነ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ድንገት ሲቋረጥ የሚመጣውን መነጫነጭና ድብርት ሠራተኞች እንደ መጥፎ ጠባይ እንዳያዩት ይነገር። በሐረር ቁጢ መጠጣት ለለመዱ እናት ደግሞ ደረቁን የቡና ቅጠል በከረጢት ማድረስ ቀላል ነው፤ ለእሳቸው ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

ሰነድ፣ ገንዘብና ቤት

ከመግባት በፊት መጠናቀቅ ያለባቸው ሰነዶች አሉ። የፋይዳ መታወቂያ ከሌላቸው አስቀድሞ ይመዝገቡ፤ ብዙ የሠራ እጅ የጣት አሻራው ሊደበዝዝ ስለሚችል መዝጋቢው እንዲታገስ ይጠየቅ፣ ምዝገባው የዓይንና የፊት ምስልንም ስለሚጨምር አሻራ አልወጣም ተብሎ መመለስ የለባቸውም። የጡረታ ደብተራቸው፣ የባንክ ደብተራቸው፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ካርዳቸውና የሕክምና ወረቀቶቻቸው ኮፒ ተደርገው ዋናው በቤተሰብ፣ ኮፒው በመጦሪያው ይቀመጥ። የጡረታ ገንዘባቸውን ማን እንደሚያወጣ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው፤ ከእሱም ላይ በእጃቸው የሚቀር፣ ለልጅ ልጅ የሚሰጡት፣ ለሙዳየ ምጽዋት ወይም ለሰደቃ የሚያወጡት ገንዘብ መኖር አለበት። ሰው መስጠት ሲያቆም ክብሩ የሚነካበት አገር ነው ያለነው።

ውክልና ከተፈለገ፣ ወላጁ አእምሯቸው ንቁ በሆነበት ጊዜ፣ ውል በማረጋገጥ ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት ፊት ይደረግ። በሁለት ነገር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ አያስችልም፤ ለዚህ በግልጽ የተጻፈ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፣ እኔም ለማንም ልጅ ሳያስፈልግ ይህን ሥልጣን ጠይቅ ብዬ አልመክርም። ሁለተኛው፣ ውክልና በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ወካዩ ሲሞቱ ወይም ሕጋዊ ችሎታ ሲያጡ ይቋረጣል፤ ስለዚህ የመርሳት ሕመም እንደጀመራቸው የታወቀ ወላጅ ጉዳይ ለነገ አይባልም። ኑዛዜ መናዘዝ ከፈለጉም ያለ ልጆቻቸው ግፊት፣ ልጆች በሌሉበት፣ ከሕግ ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመርሕ አራት ምስክሮችን ይፈልጋል፣ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ የተጻፈም ኑዛዜ የራሱ ሥርዓት አለው፤ በሥርዓቱ ጉድለት የሚፈርስ ኑዛዜ በየፍርድ ቤቱ ስንት ወንድማማች አጣልቷል።

ቤቱስ? የግል ቤት ከሆነ ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት አይሸጥ፤ ወላጁ መመለስ ቢፈልጉ የሚመለሱበት መኖሩን ማወቃቸው ብቻውን ያረጋጋቸዋል፤ ኪራዩም ለእንክብካቤው ወጪ ይሆናል። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ በመንግሥት የተያዘ የቀበሌ ቤት ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ውሉ የተመዘገበው በእሳቸው ስም ስለሆነ፣ ባለውሉ ሲወጡ የቤቱ መብት ምን እንደሚሆን ከመውጣታቸው በፊት ለሚመለከተው የቤቶች መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። አብሯቸው የኖረች ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለች፣ ወላጁን ከሸኘች በኋላ እሷም መጠለያ እንዳታጣ ይህ ጥያቄ በቃል ብቻ አይታለፍ።

መድኃኒቱና የመግቢያው ቀን

የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ ስሙ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱና የታዘዘበት ምክንያት፣ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የተገዛውና የባሕል መድኃኒቱም አይደበቅ። ኢንሱሊን ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ የተከፈተው ደግሞ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ወደ አራት ሳምንት ገደማ መቀመጥ ይኖርበታል፤ በድሬዳዋ ክፍል ውስጥ በሙቀቱ ወራት ይህ ያለ ማቀዝቀዣ ስለማይገኝ፣ መብራት ሲጠፋ ቤቱ የሚጠቀምበት መንገድ ይጠየቅ። በእርጥብ አሸዋ መካከል የተቀመጠ የሸክላ ዕቃ የተከፈተውን ኢንሱሊን ቀዝቀዝ አድርጎ ለማቆየት ይረዳል።

የመግቢያው ቀን የሳምንቱ መጀመሪያ፣ ሰዓቱም ማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ይደርሳሉ፣ የቀኑ ሠራተኞችም ሁሉ ይገኛሉ። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል የሚጓዙ ከሆነ የደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስለሚያስመልስ ከጉዞው በፊት ቀለል ያለ ነገር ይብሉ፣ ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ በመንገድ ላይ ይረፉ። የሚይዟቸውን ዕቃዎች ራሳቸው ይምረጡ። የራሳቸው ትራስና ጋቢ፣ የሚያነቡት መጽሐፍ ወይም መስገጃ፣ ሬዲዮ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ የለመዱት ስኒ ከአዲስ ልብስ ይበልጣሉ። ልብሶቹ ላይ ስማቸው ይጻፍ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከገቡ በኋላ «እስኪለምዱ አትጠይቋቸው» የሚል ምክር ከሰሙ አይቀበሉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ፣ ቢቻል በአንድ የተወሰነ ሰዓት፣ አንድ የቤተሰብ ሰው ይሂድ፤ አጭር ቢሆንም የማይዛነፍ ጉብኝት ከረጅምና ድንገተኛ ጉብኝት ይሻላል። ጠያቂው ሲመለስ ወላጁ ቢያለቅሱ ወይም «ወደ ቤቴ ውሰደኝ» ቢሉ፣ «ነገ» የሚል የውሸት ተስፋ አይሰጥ፤ «መሄዴ ነው፣ ረቡዕ በዚሁ ሰዓት እመጣለሁ» ተብሎ ቃሉ ይጠበቅ። ቦታ መለወጥ አረጋውያንን ለጊዜው ሊያዘባርቅ ስለሚችል የሌሊት መንቃትና ፍርሃት ቢታይ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ሐኪም ምክንያቱን ይፈልግ። የእንቅልፍ መድኃኒት አረጋዊን ለመውደቅ ያጋልጣል፤ ሠራተኛ እንዲያርፍ ተብሎ የሚሰጥ ከሆነ ይህን መቃወም የቤተሰብ መብት ነው።

በየወሩ ክብደታቸው ይመዘን፤ ልብሳቸው እየሰፋ መሄዱ ቀድሞ የሚታይ ምልክት ነው። ሲያጥቧቸው አብሮ በመገኘት ወይም በአክብሮት በመጠየቅ ጀርባቸውን፣ ዳሌያቸውንና ተረከዛቸውን ይመልከቱ፤ ሲጫኑት ቀለሙ የማይለወጥ የቀላ ወይም የጠቆረ ቆዳ የመኝታ ቁስል መጀመሪያ ነው። ቅሬታ ሲኖር ከአረጋዊው ፊት ሳይሆን ከአስተዳዳሪው ጋር ተቀምጠው፣ ቀንና ሁኔታ ጠቅሰው ያቅርቡ፤ መልካም የሠሩትን ሠራተኞችም በስማቸው ያመስግኑ። እነዚህ ሰዎች በአነስተኛ ደመወዝ የሌላውን ሰው ወላጅ የሚያነሡ ናቸው፣ አንዲት ሠራተኛ ስትደክም የሚጎዱትም ወላጅዎ ናቸው።

በዓል ሲደርስ፣ አቅማቸው የፈቀደ እንደሆነ፣ ለፋሲካ ወይም ለዒድ ወደ ቤት አምጥተው በማዕዱ ራስ ላይ ያስቀምጧቸው። የማይችሉ ከሆነ ማዕዱ ወደ እሳቸው ይሂድ፤ ለክፍል ጓደኞቻቸውም የሚበቃ ይሁን። የዕድር ወይም የአፎቻ (የሐረሪዎች ዕድር) ክፍያቸው መጦሪያ ገብተዋል ተብሎ እንዳይቋረጥ፤ ዳኛው ወይም ጸሐፊው አድራሻቸው መለወጡን ይወቅ፣ ከቻሉም ዕድርተኞቻቸው በተራ ይጠይቋቸው። የት መቀበር እንደሚፈልጉ፣ በመጨረሻው ሕመም ጊዜ ሆስፒታል መወሰድ ወይም በአልጋቸው መቆየት እንደሚመርጡ፣ ቄስ ወይም ሼክ ማን እንዲጠራላቸው እንደሚሹ በራሳቸው ቃል ተጽፎ ለአስተዳዳሪውና ለእያንዳንዱ ልጅ ይሰጥ፤ በሌሊት የሚደወልላቸው ሁለት ሰዎች ስልክ ቁጥርም ከዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር።